አንድ ብሎክ፣ አንድ ቅጂ፦ በከርነል ውስጥ የዲስክ መሸጎጫና የቁልፍ አያያዝ



ዛሬ የምናገረው ኮዷ ከሁለት መቶ መስመር ስለማይበልጥ አንዲት የከርነል ክፍል ነው፤ ስለ ዲስክ ብሎኮች መሸጎጫ። በምሳሌነት የምወስደው ኤክስ-ቪ-6 የተባለውን ከርነል ነው። ይህ ከርነል እ.ኤ.አ. በ2006 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለማስተማሪያነት የተዘጋጀ ሲሆን፣ መሠረቱ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ የሠሩት ስድስተኛው የዩኒክስ እትም ነው።

መሸጎጫው ሁለት ሥራዎች አሉት። የመጀመሪያውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከሚሽከረከር ዲስክ አንድ ብሎክ ለማንበብ በርካታ ሚሊሰከንዶች ያስፈልጋሉ፤ ፕሮሰሰሩ በዚያው ጊዜ ሚሊዮኖች ትእዛዞችን መፈጸም ይችላል። ስለዚህ ተደጋግመው የሚፈለጉ ብሎኮች በሜሞሪ ይቀመጣሉ። ሁለተኛው ሥራ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። እርሱም እያንዳንዱ ብሎክ በሜሞሪ ውስጥ ከአንድ በላይ ቅጂ እንዳይኖረው፣ ያንንም ቅጂ በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ፕሮሰስ እንዳይነካው መጠበቅ ነው።

በመዝገብ ቤት የሠራ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ለአንድ ባለጉዳይ ሁለት ፋይል ከተከፈተ፣ ማመልከቻው በአንዱ፣ ውሳኔው በሌላው ውስጥ ይገባል። ሁለቱም ፋይሎች በሥርዓት የተያዙ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ግን ጎደሎ ናቸው።

ኤክስ-ቪ-6 ይህን የሚከላከለው እንዴት ነው? እያንዳንዳቸው 1024 ባይት የሚይዙ 30 ባፈሮች አሉት። ባፈሮቹ በቅርብ ጊዜ ከተሠራባቸው ጀምሮ በቅደም ተከተል በአንድ ሰንሰለት ተያይዘዋል። የሚፈለገው ብሎክ ከሰንሰለቱ ፊት ተነሥቶ ይፈለጋል፤ ካልተገኘ፣ ከኋላ በኩል ለረጅም ጊዜ ያልተነካና ማንም የማይጠቀምበት ባፈር ይመረጥለታል።

ይህን ሥራ ሁለት ዓይነት ቁልፎች ይጠብቁታል። አንደኛው የሰንሰለቱ ቁልፍ ነው። እርሱ ስፒን ሎክ በመሆኑ፣ የሚጠብቀው ፕሮሰሰር ሳያርፍ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ስለዚህ ለአጭር ጊዜ ብቻ መያዝ አለበት። ሌላው የእያንዳንዱን ባፈር ይዘት የሚጠብቀው ስሊፕ ሎክ ነው። ዲስኩ እስኪመልስ ድረስ ሊያዝ ስለሚችል፣ ተራ የሚጠብቀው ፕሮሰስ ይተኛል፤ ፕሮሰሰሩም ለሌላ ሥራ ይለቀቃል።

በሁለቱ መካከል አንድ ትንሽ ቆጣሪ አለች። ብሎኩን ያገኘ ፕሮሰስ የሰንሰለቱን ቁልፍ ከመልቀቁ በፊት የባፈሩን ቆጣሪ በአንድ ይጨምራል። ቆጣሪው ዜሮ ያልሆነ ባፈር ለሌላ ብሎክ አይሰጥም። በዚህም ምክንያት ፕሮሰሱ የይዘቱን ቁልፍ ተኝቶ ሲጠብቅ ባፈሩን የሚነጥቀው አይኖርም።

አሁን የራሴን ስህተት ልንገራችሁ። የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሳለሁ የአንድ ትንሽ ማስተማሪያ ከርነል መሸጎጫን ላፈጥን ተነሣሁ። የሰንሰለቱ ቁልፍ ለረጅም ጊዜ እንደሚያዝ አይቼ፣ ብሎኩ ካልተገኘ ቁልፉ እንዲለቀቅ፣ ባዶ ባፈር ሲመረጥ ደግሞ እንደገና እንዲያዝ አደረግሁ። ፍጥነቱ ጨመረ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉም አንድ ስህተት አልታየም።

ከዚያ በኋላ ግን፣ በዚያው ከርነል ላይ ሙከራ ያካሂድ የነበረ ጓደኛዬ የልኬት ውጤቶቹ ከሌላ ፋይል ጋር ተደባልቀው አገኛቸው። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ ቀን ፈጀብኝ፤ መከታተያ እንዲሆነኝ የማተሚያ ትእዛዝ በጨመርኩ ቁጥር የጊዜው አጋጣሚ ስለሚለወጥ ስህተቱ ይሰወር ነበር። በመጨረሻ የደረስኩበት ይህ ነው፦ ሁለት ፕሮሰሶች በአንድ ቅጽበት አንድን ብሎክ ፈልገው ሁለቱም አጡት፤ ቁልፉ በተለቀቀባት ቀዳዳ ገብተውም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ባፈር ያዙለት። ብሎኩ የነጻ ብሎኮች ካርታ የተጻፈበት ነበር። ሁለቱም በየቅጂያቸው አንዱን ነጻ ቦታ ለየፋይላቸው ወሰዱት። የይዘት ቁልፎቹ ሊያድኑን አልቻሉም፤ እያንዳንዱ ፕሮሰስ የያዘው ትክክለኛ ቁልፍ ነበር፣ ነገር ግን የተለያየ ቅጂ ቁልፍ።

ጓደኛዬ ከውጤቶቹ ገሚሱን በወረቀት ካስቀረው መልሶ ጻፈ፤ የቀረውን እንደ አዲስ ለካ። አልተቆጣኝም። ዝምታው ግን እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ።

ፍላጎቴ ስህተት አልነበረም። ፕሮሰሰሮች ሲበዙ አንድ የሰንሰለት ቁልፍ በእርግጥም ማነቆ ይሆናል። የታወቀው መፍትሔ ባፈሮቹን በብሎክ ቁጥራቸው ወደ ብዙ ክፍሎች ማከፋፈልና ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱን ቁልፍ መስጠት ነው። ያን ጊዜም ቁልፉ ተለቆ እንደገና ከተያዘ ፍለጋው መደገም አለበት፤ በመካከል ሌላ ሰው ብሎኩን አስገብቶት ሊሆን ይችላልና። ባፈር ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲዛወርም ሁለት ቁልፎች በአንድነት መያዝ ካለባቸው፣ ሁሉም ፕሮሰስ በአንድ በተወሰነ ቅደም ተከተል ይያዛቸው። ያለዚያ አንዱ የሌላውን እየጠበቀ ሁለቱም ለዘላለም ይቆማሉ።

ተማሪዎቼን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ቁልፍ ከመጨመራችሁም ሆነ ከመቀነሳችሁ በፊት፣ ያ ቁልፍ የትኛውን እውነት እንደሚጠብቅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። እኔ ያን ጊዜ ብጠየቅ ኖሮ «ሰንሰለቱን ይጠብቃል» ብዬ እመልስ ነበር። ትክክለኛው መልስ ግን «አንድ ብሎክ ከአንድ በላይ ቅጂ እንዳይኖረው ይጠብቃል» የሚለው ነው። ሰንሰለቱ በእኔ ኮድ ውስጥ አንድም ጊዜ አልተበጠሰም፤ የፈረሰው ያልጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ነበር።