የደብረ ብርሃን ብርሃን ዛሬ ቢመለስ



ስለ ሰማይ አካላት «እንዲህ ቢሆንስ?» ብሎ መጠየቅ የሥራ ፈት ጨዋታ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ከአገራችን ከተሞች አንዱ፣ ይኸውም ደብረ ብርሃን፣ ስሙን ያገኘው በሰማይ ከታየ ብርሃን ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ብርሃኑን የእግዚአብሔር ምልክት አድርገው ስለ ተቀበሉት በስፍራው ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ቤተ መንግሥታቸውንም በዚያው አቆሙ። ከታሪክ ጸሐፊዎች አንዳንዶቹ ብርሃኑ በ1448 ዓ.ም. በሰኔ ወር ፀሐይን የዞረው፣ ሃሌይ የሚባለው ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ይህ ግን ግምት እንጂ የተቆረጠ ፍርድ አይደለም።

እንግዲህ ያ ኮከብ ነገ ጎሕ ሲቀድ ከአንኮበር ተራሮች በላይ ቢታይ ምን እናያለን? እንደ ተወርዋሪ ኮከብ ብልጭ ብሎ አይጠፋም። ከእኛ እጅግ የራቀ በመሆኑ የቆመ ይመስላል፤ መሄዱ የሚታወቀው በአጠገቡ ካሉት ከዋክብት ጋር በየሌሊቱ ሲያስተያዩት ነው። ጅራቱም የፀሐይ ኃይል ስለሚገፋው ሁልጊዜ ከፀሐይ ወዲያ ይዘረጋል።

ጅራቱ ምድርን ቢነካትስ? በግንቦት 1902 ዓ.ም. ምድር በጅራቱ ውስጥ ታልፋለች በተባለ ጊዜ በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ሰው መርዝ ይፈጀናል ብሎ ተሸብሮ ነበር። ጅራቱ ግን እጅግ ስስ ስለሆነ ማንንም አልጎዳም።

ወደ ራሱ ቀርበን ብናየውስ? በመጋቢት 1978 ዓ.ም. ጂዮቶ የተባለች የአውሮፓ መንኰራኩር 600 ኪሎ ሜትር ያህል ቀርባ ፎቶግራፍ አነሣችው። ርዝመቱ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህም ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር ካለው መንገድ እኩሌታውን አይሞላም። መልኩም ከከሰል የጠቆረ ሆኖ ተገኘ። ያ ሁሉ ብርሃን የሚመጣው ፀሐይ ስታሞቀው ከውስጡ ከሚወጣው ጋዝና አቧራ ነው።

ኮከቡ በ76 ዓመት ያህል አንድ ጊዜ ይመለሳል። በ1828 ዓ.ም. ሲመጣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በአንኮበር ሸዋን ይገዙ ነበር። በኅዳር 2016 ዓ.ም. ከኔፕቱን ወዲያ ካለው ከመጨረሻው ርቀቱ ደርሶ ፊቱን ወደ እኛ መልሷል። ፀሐይን የሚዞረው በሐምሌ 2053 ዓ.ም. ነው። ሐምሌ በሸዋ የደመናና የዝናብ ወር ስለሆነ፣ ተመልካቹ ሰማይ የሚገለጥበትን ሰዓት ነቅቶ መጠበቅ ይኖርበታል።

የመንግሥት ሠራተኛ የሆናችሁ ሁሉ ቀን ያልተጻፈበት ደብዳቤ በመዝገብ ቤት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ታውቃላችሁ። የሰማይም ነገር እንዲሁ ነው። የዛሬ ሊቃውንት የዚህን ኮከብ የጥንት መንገድ ሊከታተሉ የቻሉት ቻይናውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ240 ዓመት መታየቱን መዝግበው ስላቆዩላቸው ነው። እኛስ ለልጅ ልጆቻችን ምን እናቆይላቸዋለን?

ለመለማመድ 2053ን መጠበቅ አያስፈልግም። ከዚሁ ኮከብ የተበተነው አቧራ በየዓመቱ በጥቅምት 11 እና 12፣ ደግሞም በሚያዝያ 27 እና 28 ገደማ ተወርዋሪ ከዋክብት ሆኖ ይታያል። በጥቅምቱ ሌሊት፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ፣ በርኖሳችሁን ደርባችሁ ከልጆቻችሁ ጋር ከመብራት ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ያያችሁትንም ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱና ከነአቅጣጫው በደብተር ጻፉት። ዛሬ በደብተር መጻፍ የለመደው ልጅ በ2053 ኮከቡን ሲያይ የሚያየውን ያውቃል፤ ከእርሱም በኋላ የሚመጣው ትውልድ እንደ እኛ በግምት አይቸገርም።