የፍሪጅ በር ጎማ

ፍሪጃችሁ ማቀዝቀዝ ሲያቅተው “ሞተሩ ተቃጠለ” ብላችሁ አዲስ ለመግዛት ዕዳ ውስጥ አትግቡ። መጀመሪያ የበሩን ዙሪያ ጎማ ፈትሹ። ወረቀት በበሩ መሐል አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት። ሳይዘው ሾልኮ ከወጣ በዚያ በኩል ሙቀት ይገባል፤ ሞተሩ ዕረፍት ያጣል፤ የመብራት ሒሳብም ይጨምራል።

ጎማው ከቆሸሸ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና እጠቡት። ከተቀደደ ወይም ከደረቀ ግን ለብቻው ተገዝቶ ይለወጣል። ወደ መለዋወጫ ሱቅ ስትሄዱ በፍሪጁ ላይ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር ጽፋችሁ ያዙ፤ ዕብራይስጥ ቢያስቸግራችሁም ቁጥሩን ማሳየት ይበቃል።

አዲስ የተገዛ ፍሪጅ ዋስትና አለው። ስለዚህ ደረሰኙንና “ተዑዳት አሕራዩት” የሚባለውን የዋስትና ወረቀት አትጣሉ፤ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እሱን ተመልከቱ።