የአባታችን 80ኛ ዓመት



ባለፈው እሑድ እኛ ልጆቹ የአባታችንን 80ኛ ዓመት እዚሁ አሞራ ገደል አከበርን። የልደት ወረቀት የላቸውም፤ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲታወጅ ሁለት ልጆች እንደነበሯቸው ያስታውሳሉና ከዚያ ተነሥተን ቆጠርን። ኬኩን ብዙም አልነኩትም፤ የተጠበሰውን ዓሣ ግን ወደዱት። ትርፉን ለአባ ኮዳዎቹ ሲወረውሩ ከልጅ ልጆቻቸው ይልቅ እሳቸው ተደሰቱ።

አባባ ገበሬ ናቸው። እንሰት ዓመታት ይጠብቃል፤ እሳቸው ቆፍረው ይተክላሉ፣ እያዛወሩ ያሳድጋሉ። መፋቁ፣ ቀብሮ ማብላላቱ፣ ቆጮና ቡላ ማውጣቱ የእናታችን ነው። ይህ ድካም በበዓሉም ቀን እንዳይረሳ ብለን ኬኩን አብረው እንዲቆርሱ አደረግን።

እኛ የሒሳብ ሠራተኞች በየወሩ ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ቆርጠን፣ አሠሪው 11 በመቶ ጨምሮ፣ ለጡረታ እናስገባለን። ለገበሬ እንዲህ የሚያስገባለት አሠሪ የለም። የአባባ ጡረታ ጓሮ ያለው እንሰት ነው፤ እሱም ጉልበት ሲደክም የሚያርመው ሰው ይፈልጋል።

«ከተማ እኛ ጋ ይግቡ» ብንላቸው «እንሰቱን ማን ያየዋል?» አሉን። ስለዚህ አምስታችንም በየወሩ እኩል አዋጥተን ለቀን ሠራተኛ ልንከፍል ተስማማን። አንድ ወንድማችን «እናንተ ሴቶቹ ተድራችሁ ወጥታችሁ የለም እንዴ?» አለ። መዋጮው እኩል ከሆነ የመሬቱ ነገር ሲነሣም እኩል እንቀመጣለን አልነው። አባባ ጥቂት ዝም አሉና «ደብተሩን ሴቶቹ ይያዙት» አሉ።

የመጀመሪያው ወር መዋጮ ገብቷል።