የጎማ መንፊያ ሲመረጥ

ተንቀሳቃሽ የጎማ መንፊያ ሲመረጥ በቅድሚያ የሚታየው የኃይል ምንጩ ነው። አነስተኛው ዓይነት የመኪናው ሲጋራ መለኮሻ ላይ ተሰክቶ በ12 ቮልት ይሠራል፤ ለቤት መኪና ይበቃል። ትልልቆቹ ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚስቡ በመቆንጠጫ በቀጥታ ከመኪናው ባትሪ ጋር ይያያዛሉ፤ መለኮሻው ላይ ቢሰኩ ፊውዝ ያቃጥላሉ። የራሱ ባትሪ ያለው ለአያያዝ ምቹ ነው፤ ግን ለወራት ፖርቶ ባጋሊዮ ውስጥ ተረስቶ ከከረመ በተፈለገበት ሰዓት ቻርጁ አልቆ ይገኛል።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው «150 ፒኤስአይ» የሚለው ከፍተኛ የግፊት መጠን ገዢን ያሳስታል። አብዛኛው የቤት መኪና ጎማ የሚፈልገው ከ30 እስከ 35 ነው፤ ፍጥነቱን የሚወስነው በደቂቃ የሚገፋው የአየር ሊትር ነው። ለጭነት መኪና ግን ከፍተኛው ግፊትም ይቆጠራል። ሳያርፍ ስንት ደቂቃ እንደሚሠራ መጠየቅም ተገቢ ነው፤ ትንንሾቹ ቶሎ ይግላሉ። ገመዱና ቱቦው የኋላ ጎማ ድረስ ካልደረሱ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው።

ትክክለኛው የግፊት መጠን በሾፌሩ በር ደፍ ላይ ተለጥፎ ይገኛል፤ የሚለካውም ጎማው ሳይሞቅ ነው። ጎኑ የተቀደደ ጎማ ግን በየትኛውም መንፊያ አይድንም፤ መፍትሔው ትርፍ ጎማ ነው።