የፔጅ ገበሬዎችና የልጆቻቸው ትምህርት ቤት



ዛሬ የምንነግራችሁ በሩቅ አገር ስለሚኖሩ ገበሬዎች ነው። አገሩ አሜሪካ ነው። አሜሪካ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ፎቅና መኪና ነው። ይሁን እንጂ እዚያም መሬት የሚያርስ፣ ዝናብ የሚጠብቅ፣ ከብት የሚያረባ፣ ዕዳ እንቅልፍ የሚነሳው ሰው አለ። የዚህን ሰው ኑሮ ማወቅ ይጠቅመናል። ለምን ቢባል፣ ትናንት ፊደል ቆጥራችሁ ዛሬ ይህን ታነባላችሁ። «እንግዲህ ማንበቡን ቻልኩ፤ ምን እሠራበታለሁ?» የሚል ጥያቄ ደግሞ በብዙዎቻችን ልብ አለ። የእነዚያ ገበሬዎች ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይጠቁመናል።

በዚህ ንግግር ውስጥ የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አገሩና ሰዉ

በአሜሪካ መሐል አገር አዮዋ የሚባል ክፍለ ሀገር አለ። በአዮዋ ደቡብ ምዕራብ በኩል ደግሞ ፔጅ የምትባል ወረዳ አለች። እነርሱ «ካውንቲ» ይሏታል። ስፋቷ 1,400 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአስተዳደሩ መቀመጫ ክላሪንዳ የምትባል ከተማ ናት። ሸናንዶዋ የምትባል ሌላ ከተማም አለች። የቀረው በአብዛኛው ማሳና ግጦሽ ነው። በቆሎና አኩሪ አተር ይዘራበታል፤ ከብትና አሳማ ይረባበታል። አፈሩ ለም ነው፤ ብርዱ ግን ኃይለኛ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት አፈሩ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ስለዚህ በቆሎ የሚያመርቱት በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያ አንዱ ጊዜ ከተበላሸ ዓመቱ ተበላሸ ማለት ነው።

መሬቱ ድሮም ባዶ አልነበረም። ፖታዋቶሚ የሚባል ነባር ሕዝብ ይኖርበት ነበር። በ1846 በተደረገ ውል ይህ ሕዝብ አካባቢውን እንዲለቅ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ከምሥራቅ አሜሪካና ከአውሮፓ የመጡ ሰዎች ሰፈሩበት። ለምሳሌ ኤሴክስ በምትባለው መንደር ዙሪያ ብዙ ስዊድናውያን ሰፈሩ። መሬቱ እንደ ዳማ ሰሌዳ በአራት ማዕዘን ተለክቶ ተከፋፈለ። ብዙ ጊዜ ለአንድ ቤተሰብ እርሻ ይበቃል ተብሎ የሚታሰበው 65 ሔክታር ያህል ነበር። ይህ በድሮው በእኛ ልክ ከአንድ ጋሻ ተኩል ይበልጣል።

እያንዳንዱ ቤተሰብ ቤቱን በየማሳው ላይ ሠራ። ስለዚህ ቤት ከቤት ይራራቃል። አንዱ ቢጣራ ሌላው አይሰማም። እንዲህ ተራርቆ የሚኖርን ሕዝብ ምን ያገናኘዋል? እሑድ ቤተ ክርስቲያን ያገናኘዋል። በሌላው ቀን የሚያገናኘው የልጆቹ ትምህርት ቤት ነበር።

የመምህርት ጄሲ ሥራ

የገጠሩ ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ብቻ ነበረው። ትንሹም ትልቁም ልጅ በዚያው ክፍል ይቀመጣል፤ አንዲት አስተማሪ ሁሉንም ታስተምራለች። ልጆቹ በእግራቸው እንዲደርሱበት በየአቅራቢያው ይሠራ ነበር። በፔጅ ወረዳ ብቻ እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች 130 ያህል ነበሩ።

ጄሲ ፊልድ በ1881 እዚያው ፔጅ ውስጥ ተወለደች። ገና ልጅ ሳለች አባቷ ወደ ገበሬዎች ስብሰባ ይዟት ይሄድ ነበር። ስለ ዘርና ስለ አፈር ሲወራ እየሰማች አደገች። በ1901 ጎልደንሮድ በሚባል ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረች። ይህ በእኛ አገር ዳግማዊ ምኒልክ ነግሠው የነበሩበት ዘመን ነው።

ጄሲ አንድ ነገር አስተዋለች። ልጆቹ በመጽሐፍ የሚማሩት ስለ ሌላ ዓለም ነው። ማታ ቤታቸው ሲገቡ የሚጠብቃቸው ግን በቆሎና ላም ነው። ሁለቱ አይተዋወቁም። ትምህርት ማለት ከእርሻ ማምለጫ መንገድ ብቻ መሰለ። ስለዚህ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ወንዶቹን ልጆች በበቆሎ ማኅበር፣ ሴቶቹን በቤት አያያዝ ማኅበር ሰበሰበቻቸው። በ1906 የወረዳዋ ገጠር ትምህርት ቤቶች ኃላፊ ሆነች፤ ማኅበሮቹንም በ130ዎቹ ትምህርት ቤቶች አዳረሰቻቸው።

ምን ነበር የሚማሩት? አንዱን እንንገራችሁ። የፔጅ ገበሬ በዚያ ዘመን ዘሩን የሚመርጠው ከራሱ ምርት ነበር። ትልቁንና የሚያምረውን ራስ በቆሎ ለዘር ያስቀምጣል። ነገር ግን በቆሎው በደንብ ሳይደርቅ ብርድ ከመታው ፍሬው ውስጡ ይሞታል። ከውጭ ሲያዩት ግን ምንም አልሆነም፤ ያምራል። ገበሬው ያንን ይዘራል። ከዚያ ማሳው እንደ አሮጊት ጥርስ እዚህም እዚያም ባዶ ሆኖ ይወጣል። ጥፋቱ ሲታወቅ ደግሞ ጊዜው አልፏል።

ልጆቹ መፈተን ተማሩ። ለዘር የተቀመጠውን እያንዳንዱን ራስ ቁጥር ይሰጡታል። ከእያንዳንዱ ራስ ከላይም ከመሐልም ከታችም ስድስት ፍሬ ይፈለቅቃሉ። ፍሬዎቹን በራሱ ቁጥር ለይተው በረጠበ ሰጋቱራ ወይም በረጠበ ጨርቅ ውስጥ ሞቅ ባለ ቦታ ያስቀምጧቸዋል። ከሳምንት በኋላ ይገልጡታል። ስድስቱም ከበቀሉ ያ ራስ ለዘር ይሆናል። ካልበቀሉ ለከብት ይሰጣል።

ከዚያ ሒሳቡ ይመጣል። አንድ ራስ በቆሎ 600 ፍሬ አለው እንበል። 12 መጥፎ ራሶች ሳይታወቁ ቢዘሩ ስንት ፍሬ ሳይበቅል ይቀራል? 600 በ12 ሲባዛ 7,200 ይሆናል። በማሳው ላይ 7,200 ባዶ ቦታ ማለት ነው! ጄሲ እንዲህ ያሉ ከገበሬ ኑሮ የተወሰዱ ጥያቄዎችን የያዘ የሒሳብ መጽሐፍ አዘጋጀች። ልጁ ማታ ቤቱ ሄዶ ያባቱን ዘር ይፈትን ጀመር። እንግዲህ አባት የልጁን ትምህርት በዓይኑ ሊያይ ቻለ ማለት ነው።

በ1910 ጄሲ ጎበዝ ለሆኑት ልጆች ባለ ሦስት ቅጠል ምልክት በደረታቸው እንዲያደርጉ ሰጠቻቸው። ቅጠሎቹ ራስ፣ ልብና እጅ የሚሉ ናቸው። ራስ ያስብ፣ ልብ ይታመን፣ እጅ ይሥራ ለማለት ነው። ቆየት ብሎ ጤና የሚል አራተኛ ቅጠል ተጨመረ። በእንግሊዝኛ አራቱም ቃላት «ኤች» በሚባል አንድ ፊደል ስለሚጀምሩ ማኅበሩ «ፎር ኤች» ተባለ፤ አራቱ ኤች እንደ ማለት ነው። በሌሎች ወረዳዎችም በዚያው ዘመን እንዲህ ያሉ የልጆች ማኅበሮች ይቋቋሙ ነበር። በ1914 የአሜሪካ መንግሥት የግብርና ትምህርት ለገበሬው በየወረዳው እንዲደርስ የሚያደርግ ሕግ ሲያወጣ፣ ማኅበሮቹም በዚያ ሥር ታቀፉ። ዛሬ የፎር ኤች ልጆች በመላው አሜሪካ በሚሊዮን ይቆጠራሉ። ጎልደንሮድ ትምህርት ቤትም ክላሪንዳ ውስጥ በሙዚየም ተጠብቃ ትታያለች።

ደብተሩና ትርኢቱ

የፎር ኤች ልጅ ጥጃ ቢያሳድግ ማብላት ብቻ አይበቃውም። ደብተር ይይዛል። ጥጃው በስንት ተገዛ? ስንት ኪሎ መኖ በላ? መኖው ስንት ፈጀ? ክብደቱ በየወሩ ስንት ጨመረ? ሁሉን ይጽፋል። በመጨረሻ ሲሸጥ ትርፍና ኪሳራው ከደብተሩ ይወጣል። ሰው በልቡ ብቻ ሲያስብ የሸጠበት ዋጋ ይታወሰዋል፤ ያወጣው ይረሳዋል። ደብተር ግን አይረሳም።

ፔጅ ውስጥ በየዓመቱ በሐምሌ ወር በክላሪንዳ የወረዳው የግብርና ትርኢት ይደረጋል። ልጆቹ ያሳደጉትን ጥጃ፣ አሳማና ዶሮ አጥበውና አሰማምረው ያመጣሉ። የተጋገረ ዳቦ፣ የተሰፋ ልብስ፣ የጓሮ አትክልትም ይቀርባል። ዳኞች ያያሉ፤ ይህ ለምን ከዚያ እንደሚሻል በሰው ፊት ያስረዳሉ። ሽማግሌዎቹ ከአጥሩ ተደግፈው ይመለከታሉ፤ ጎረቤት ከጎረቤት ይጠያየቃል። አንዱ ያወቀውን ሌላው ያያል። ዕውቀት እንዲህ ሲሆን የአንድ ሰው ሚስጥር መሆኑ ይቀራል፤ የወረዳው ሀብት ይሆናል።

ራዲዮም ትልቅ ረዳት ሆነ። የጄሲ ወንድም ሄንሪ ፊልድ የዘር ነጋዴ ነበር። በ1924 በሸናንዶዋ የራዲዮ ጣቢያ አቋቋመ። በተከታዩ ዓመት ኧርል ሜይ የተባለ ሌላ የዘር ነጋዴ ሁለተኛ ጣቢያ ከፈተ። በ1926 እኅታቸው ሊያና ድሪፍትማየር ለባለትዳር ሴቶች በራዲዮ መናገር ጀመረች። ስለ ወጥ አሠራር፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ቤት ውሎ ታወራለች። በ1930 በመኪና አደጋ ክፉኛ ተጎዳች፤ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆና ከቤቷ መናገሯን ቀጠለች። ጎረቤት የራቃት የገበሬ ሚስት በማጀቷ እየሠራች የሌላዋን ሴት ድምፅ ትሰማለች። ዝግጅቱ ከ50 ዓመት በላይ ቆየ።

ምርቱ በዛ፣ ሰዉ አነሰ

እስካሁን ደጉን ነገርናችሁ። አሁን ደግሞ ክፉውን መንገር አለብን።

በ1900 የፔጅ ሕዝብ ከ24,000 ይበልጥ ነበር። በ2020 ሲቆጠር 15,211 ሆኖ ተገኘ። ሰዉ ወዴት ሄደ? ትራክተር መጣ፤ የተዳቀለ ምርጥ ዘር መጣ፤ ማዳበሪያ መጣ። አሥር ሰው የሚሠራውን አንድ ሰው ሠራው። ምርቱ በዛ። ሲበዛ ግን ዋጋው ይረክሳል። ጠንካራው የደካማውን መሬት ገዛ፤ እርሻው ሰፋ፣ ገበሬው አነሰ። ልጆቹ ተምረው ወደ ከተማ ሄዱ። ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤቶቹም ተዘጉ።

ከሁሉ የከፋው በ1980ዎቹ የመጣው ነው። ቀደም ሲል በ1970ዎቹ የእህል ዋጋ ጥሩ ነበር። የመሬትም ዋጋ ይጨምር ነበር። ብዙ ገበሬ ተበድሮ መሬትና መኪና ገዛ። ከዚያ ወለዱ ናረ፤ የእህል ዋጋ ወደቀ። አንድ ኤከር፣ ማለት 0.4 ሔክታር፣ የአዮዋ እርሻ መሬት በ1981 በአማካይ 2,147 ዶላር ነበር። በ1986 ግን 787 ዶላር ሆነ። ዕዳው ቆሞ የመሬቱ ዋጋ ወደቀ ማለት ነው። ከአያት ከቅድመ አያት የተወረሰ እርሻ በሐራጅ ተሸጠ። ሰው የጎረቤቱን ዕቃ በሐራጅ ሲሸጥ ቆሞ አየ። ራሳቸውን ያጠፉ ገበሬዎችም ነበሩ።

ልብ በሉ፣ እነዚህ ገበሬዎች ማንበብና መጻፍ ያውቁ ነበር። ደብተርም ይይዙ ነበር። ታዲያ ለምን አልዳኑም? የእህሉ ዋጋና የብድሩ ወለድ የሚወሰነው ከእነርሱ ርቆ ነበርና ነው። ለብቻው የቆመ ገበሬ፣ የተማረም ቢሆን፣ ይህን አይችለውም። ስለዚህ ተሰባሰቡ፤ ጮኹ። በ1985 የአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የግብርና ትምህርት አገልግሎት፣ የተጨነቀ ገበሬ የሚደውልበት ስልክ አቆመ። በ1986 ደግሞ አበዳሪው መሬቱን ከመውሰዱ በፊት ከገበሬው ጋር በሽምግልና እንዲቀመጥ የሚያስገድድ ሕግ በአዮዋ ወጣ። ሽምግልና ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ጥቅሙን እናውቀዋለን።

ዛሬም በዚያ አገር ያሉት ጥቂቶች ተጋግዘው ይኖራሉ። በመኸር ጊዜ አንድ ገበሬ ቢታመም ወይም ቢሞት፣ ጎረቤቶቹ የማጨጃ መኪናቸውን ይዘው ይመጡና ምርቱን በአንድ ቀን ይሰበስቡለታል። ይህ የእኛው ደቦ አይደል? በገጠር መንደሮች እሳት ሲነሳ ለማጥፋት የሚሮጡትም በአብዛኛው ደመወዝ የሌላቸው የመንደሩ ሰዎች ናቸው።

ለእኛ የሚሆነን

ወገኖቻችን፣ ከዚህ ሁለት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ ትምህርት ማሳ ላይ ካልወረደ ደብተር ላይ ይቀራል። ሁለተኛ፣ የአንድ ሰው ትምህርት ብቻውን አይበቃም፤ ሲሰባሰብ ነው ጉልበት የሚሆነው።

እንግዲህ ከቤታችን እንጀምር። ከመዝራታችን በፊት ከዘራችን 100 ፍሬ እንቁጠር። በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለን ሞቅ ባለ ቦታ እናስቀምጠው፤ ጨርቁ እንዳይደርቅ ውኃ እናርከፍክፍበት። ከሳምንት በኋላ የበቀለውን እንቁጠር። 85 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ ደኅና ነው። በጣም ካነሰ ዘሩን እንለውጥ፣ ወይም የግብርና ባለሙያ እናማክር። የተዳቀለ ምርጥ ዘር ከሆነ ግን ከምርቱ መልሰን ለዘር አናስቀምጥ፤ በሁለተኛው ዓመት ምርቱ ይቀንሳልና። ውጤቱን ከነቀኑ በደብተር እንጻፍ። ብድር ስንወስድም ወለዱንና የመክፈያውን ቀን ራሳችን አንብበን እንፈርም። ያልገባንን ነገር ሳናፍር እንጠይቅ።

በውይይታችሁ ጊዜ እነዚህን ጥያቄዎች ተነጋገሩባቸው።

1. ባለፈው ዓመት ከዘራነው ሳይበቅል የቀረ አለ? ምክንያቱ ምን ይመስለናል?

2. በቀበሌያችን አንዱ ገበሬ የሚያውቀው፣ ሌላው ግን የማያውቀው ጥሩ ዘዴ ምን አለ? እንዴት እናሳየው?

3. ልጆቻችን በትምህርት ቤት የተማሩትን በእርሻችን ላይ እንዲሞክሩት ቦታ ሰጥተናቸዋል?