የግቢ ኮንክሪት ስታሠሩ በስልክ ምን ትጠይቃላችሁ?

(በዓርብ ስብሰባችን ላይ ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

 

ዛሬ እንድናገር የተሰጠኝ ስለ ግቢ ኮንክሪት ነው። «እሷ ስለ ሲሚንቶ ምን ታውቃለች?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አሥረኛ ክፍል ከጨረስኩ በኋላ፣ ወደዚህ ሳልመጣ፣ ኮምቦልቻ ሕንፃ ሥራ ላይ ሁለት ዓመት የቀን ሠራተኛ ነበርኩ። አሸዋ ተሸክሜያለሁ፣ በባሬላ ኮንክሪት አመላልሻለሁ፣ የተሞላውን ውኃ አጠጥቻለሁ። አጎቴም ግንበኛ ነው። ግን ኢንጂነር አይደለሁም። ፎቅ የምታሠራ ኢንጂነር ትጠይቅ። እኔ የማወራው ከውጭ በር እስከ ቤት ስለሚነጠፈው ግቢ ነው።

የምንልከው ሪያል ሄዶ ሄዶ ቤት ነው የሚሆነው፤ አይደል? መቼ እንደምንመለስ ደግሞ አናውቀውም። በ2006 ዓ.ም. ከዚህ ከመንፉሓም ከሌላውም ከተማ ከ160 ሺህ በላይ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ አገሩ ገብቷል። እንደዚያ ድንገት ለተመለሰ ሰው ያ ቤት ትልቅ ነገር ነው።

አንዲት እህታችን፣ ስሟን አልጠራም፣ ፈቅዳልኝ ነው የምናገረው፣ ደሴ አጠገብ ግቢዋን አስነጠፈች። ብሩን የተቀበለው ታናሽ ወንድሟ ነው። አንድ ክረምት ሳያልፍ ግቢው ተሰነጣጠቀ፤ የዝናቡም ውኃ ወደ ሳሎን ገባ። «ሲሚንቶውን ሸጠህ በልተኸዋል» አለችው። ስምንት ወር አልተነጋገሩም። በኋላ አጎቴ ሄዶ አየው። ሲሚንቶው በቂ ነበር። ከሥሩ ግን ዋልካ አፈር ነው፤ ድንጋይም አልተደረደረበትም። ዋልካ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ላዩ ላይ ያለውን ይሰነጥቀዋል። ልጁ አንድ ብር አልበላም። ማንም አልነገረውም እንጂ።

ስለዚህ እህቶቼ፣ የኮንክሪት ዋናው ነገር ከተሞላ በኋላ አይታይም። ሁሉ ካለቀ በኋላ የሚላክላችሁ ቆንጆ ፎቶ ምንም አይነግራችሁም። መጠየቅ ያለባችሁ ሳይሞላ በፊት ነው። እኔ በየደረጃው ቪዲዮ እንዲላክልኝ አደርጋለሁ፤ ብሩንም በየደረጃው ነው የምልከው።

አንደኛ፣ የተቆፈረውን አፈር አሳዩኝ በሉ። ጥቁርና የሚያጣብቅ ከሆነ ወጥቶ በገረጋንቲ ይተካ። ገረጋንቲው ውኃ እየተረጨ በስሱ በስሱ ይጠቅጠቅ።

ሁለተኛ፣ ግንበኞች ሃርድኮር የሚሉት የድንጋይ ድርድር አለ። ከ15 እስከ 25 ሳንቲ ይሆናል። ሜትር አስደግፈው ፎቶ ያንሱላችሁ። ክፍተቱም በጠጠር ይሞላ።

ሦስተኛ፣ ውፍረቱ። ሰውና ባጃጅ ለሚሄድበት ግቢ 10 ሳንቲ ይበቃል። የጭነት መኪና የሚገባ ከሆነ 15 ሳንቲና ፌሮ ያስፈልጋል። ተዳፋቱ ከቤቱ ወደ ውጭ ይሁን፤ በ1 ሜትር 2 ሳንቲ ዝቅ ቢል ውኃው አይተኛም። የዚያች እህታችን ሳሎን ውኃ የገባው ተዳፋቱ ወደ ቤት ስለነበር ነው።

አራተኛ፣ ሒሳቡ። ወረቀት ያላችሁ ጻፉ። 3 ሜትር በ8 ሜትር የሆነ ግቢ 24 ካሬ ነው። በ10 ሳንቲ ሲሞላ 2.4 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይፈልጋል። አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር ሆኖ ቢቦካ ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ 17 ወይም 18 ከረጢት ይበቃል። አሸዋው 1.2፣ ጠጠሩ 1.8 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ለሚባክነው ትንሽ ጨምሩበት። 40 ከረጢት ከተባላችሁ ግን «ለምን?» በሉ፤ በትሕትና። አንዳንዱ ሰው «ኩንታል» ሲል 100 ኪሎ ማለቱ ነው፣ አንዳንዱ አንዱን ከረጢት ነው። መጀመሪያ ይህን ለዩ። ጠብ የሚነሳው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

አምስተኛ፣ ውኃው። ለአንድ ከረጢት 25 ሊትር ገደማ ነው፤ አንድ ባለ 20 ጀሪካንና ሩብ ማለት ነው። አሸዋው እርጥብ ከሆነ ይቀነስ። ሠራተኛው እንዲቀለው ውኃ ይጨምራል፤ እኔም ስሠራ አይቻለሁ። ውኃ ሲበዛ ግን ኮንክሪቱ ይደክማል። በቪዲዮ ስታዩት እንደ ገንፎ መቆም አለበት፤ እንደ አጥሚት ከፈሰሰ አስቁሙ።

ስድስተኛ፣ አንድ ላይ አይሞላ። ኮንክሪት ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ የግድ ይሰነጠቃል። በየ2.5 ወይም በየ3 ሜትሩ ከተከፈለ ስንጥቁ በመስመሩ ላይ ያልፋል። ያ 8 ሜትር ግቢ ሦስት ቦታ ይከፈል። እዚህ የምናጥበውን ሆሽ አይታችሁት የለ? መስመር መስመር ያለው ለጌጥ ብቻ አይደለም።

ሰባተኛ፣ ውኃ ማጠጣት። ይህ ነፃ ነው፣ ግን የሚረሳው ይኸው ነው። ኮንክሪት የሚጠነክረው ከውኃ ጋር ሆኖ እንጂ ፀሐይ መትቶት አይደለም። እዚህ ሪያድ በበጋ በእርጥብ ኬሻ ሸፍነውት አይታችሁ ይሆናል፤ ፀሐዩ ውኃውን እንዳይወስድበት ነው። አገራችንም ቢያንስ 7 ቀን ጠዋትና ማታ ይጠጣ፣ በጆንያ ወይም በገለባ ይሸፈን። ከረጢቱ ላይ ፒፒሲ ከተባለ ቀስ ብሎ የሚጠነክር ስለሆነ 10 ቀን ይሁን። ለእናታችሁ ወይም ለእህታችሁ ስጡት ይህን ሥራ፤ በየጠዋቱ አንድ ፎቶ ትላክ። መኪና እስከ 28 ቀን ባይወጣበት ደግ ነው። ሐምሌና ነሐሴ አታስሞሉ፤ ከመስከረም በኋላ ይሻላል።

ካለቀ በኋላስ? እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አያስደንግጣችሁ። ጥፍር የሚያስገባ ከሆነ ክረምት ሳይገባ ተጠርጎ፣ ረጥቦ፣ በሲሚንቶና በደቃቅ አሸዋ ይደፈን። ግን መጀመሪያ ውኃው ከየት እንደሚመጣ ይታይ፤ ብዙ ጊዜ የተቀደደ አሸንዳ ነው። ዘይት ከፈሰሰ በዱቄት ሳሙናና በብሩሽ ይታጠብ። አሲድ ኮንክሪቱን ይበላዋል።

አሲድ ካልኩ አይቀር፣ እዚህ ሆሽ ስታጥቡ ፍላሽና ክሎሮክስ አንድ ላይ አታድርጉ። ማዳም «ቀላቅዪው» ብትልም አታድርጉት። የሚወጣው ጭስ ክሎሪን ነው፤ ሳንባ ያቃጥላል። ከሸተታችሁ ጥላችሁ ወደ ውጭ ውጡ።

ያቺ እህታችን አሁን ከወንድሟ ጋር ታርቃለች። ግቢው ግን ተነስቶ እንደገና መሠራት አለበት፤ የሌላ ዓመት ደመወዝ ነው። እናንተ ብር ከመላካችሁ በፊት ይህን ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ ለወንድማችሁ ላኩለት፤ አብራችሁ አንብቡት። የግቢያችሁን ልክ ያመጣችሁ ካላችሁ ከሻይ በኋላ ኑ፣ አብረን እናስላው።