ኔትወርክ ሲጠፋ ስልክ ውስጥ የሚቀረው ገጽ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነገረ)



የዛሬው ንግግራችን ርእስ ኮምፒዩተር ለማይማሩት ጓደኞቻችን ደረቅ መስሎ ይታያቸው ይሆናል። የምንናገረው ግን ስለ ዲማ ነው። በምሥራቅ ጎጃም በቢቸና በኩል ያለችውን ዲማን ሁላችሁም በጊዮርጊስ ገዳሟና በቅኔ ትምህርቷ ታውቋታላችሁ። እኛ ዛሬ የምናያት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ስልኩን ከፍቶ የተመደበበትን ዩኒቨርሲቲ የሚፈልግባት ቦታ አድርገን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው እንበል። ተማሪው ገጹን ይከፍታል፤ ገጹም ይከፈትለታል። «ምደባ ገና አልወጣም» ይለዋል። በማግሥቱም በሠልስቱም ይኸንኑ ይለዋል። በዚያው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ያለው የአጎቱ ልጅ ምደባውን አይቶ፣ ልብሱን ሸክፎ ለምዝገባ መንገድ ጀምሯል። የዲማው ልጅ ስልክ አልተበላሸም፤ ሰርቨሩም አልተበላሸም። የሚያነበው ግን ከቀናት በፊት ስልኩ ውስጥ የተቀመጠውን ቅጂ ነው። ገጹ ጨርሶ እንቢ ቢለው ኖሮ ቢቸና ሄዶ ይጠይቅ ነበር፤ ስለ ተከፈተለት ግን አመነው። የጉዳዩ ክፋት እዚህ ላይ ነው።

ቅጂ አስቀምጦ ያለ ኔትወርክ ማሳየት ራሱ ክፉ ነገር አይደለም። እንዲያውም ለእኛ አገር የተፈጠረ ይመስላል። በሰኔ 2011 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደ ነበር፣ በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ማለቂያም የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ በታወጀበት ሰሞን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለብዙ ወራት እንደ ቆየ የምታስታውሱት ነው። ይህ ሁሉ ባይኖር እንኳ መብራት ይጠፋል፤ ጥቅልም ያልቃል። ስለዚህ ያለ ኔትወርክ የሚሠራ ገጽ የሚሠሩትን ሰዎች አንወቅስም፤ የምንጠይቀው ቅጂው ሲያረጅ ወይም ሲጠፋ ምክንያቱ በምን ይታወቃል ብለን ነው።

ይህ ማስቀመጫ ካሽ ይባላል፤ እኛ ለንግግራችን ጎተራ እንበለው። ችግሩ ጎተራው አንድ አለመሆኑ ነው። ብራውዘሩ በራሱ ልማድ፣ ሰርቨሩ «ይህን ፋይል ይህን ያህል ጊዜ አቆየው» ባለው መሠረት የሚያስቀምጥበት አንድ ጎተራ አለ። የገጹ ሠሪ ራሱ የሚሞላው ሌላ ጎተራ አለ። ኢንዴክስድ ዲቢ የሚባል፣ ጽሑፍና ቁጥር የሚቀመጥበት ሦስተኛም አለ። ሁለተኛውን የሚያስተዳድረው ሰርቪስ ወርከር የተባለ አጭር ፕሮግራም ነው፤ እርሱም በገጹና በኔትወርኩ መካከል እንደ በረኛ ቆሞ እያንዳንዱን ጥያቄ ይቀበላል፤ ከጎተራ ይስጥ ወይስ ወደ ሰርቨር ይላክ የሚወስነው እርሱ ነው። ከእርሱ በፊት አፕካሽ የሚሉት ዘዴ ነበረ፤ የፋይሎችን ስም በዝርዝር ጽፎ ለብራውዘሩ መስጠት ብቻ ስለ ነበር ቀላል መስሎ ብዙ ሠሪዎችን አስለቅሶ ከብራውዘሮች ወጣ። ሰርቪስ ወርከር እ.ኤ.አ. በጃንዩዋሪ 2015 በክሮም፣ በ2016 በፋየርፎክስ፣ በ2018 በሳፋሪ ገባ። ሥልጣኑ ሁሉ ለሠሪው ስለ ተሰጠ ጥፋቱም እንደዚያው ሰፋ።

እንግዲህ ሐኪም መድኃኒት ከማዘዙ በፊት እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ገጽ ከየትኛው ጎተራ ወጣ?» የሚል መሆን አለበት። ስልኩን በገመድ ከኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ፣ በስልኩ ላይ የዩኤስቢ ዲበጊንግ ፈቃድ ከፍቶ፣ በኮምፒዩተሩ ክሮም ላይ ኢንስፔክት የሚባለውን ገጽ መክፈት ነው። ኔትወርክ በሚለው ክፍል እያንዳንዱ ፋይል ከሰርቪስ ወርከር ይምጣ፣ ከዲስክ ይምጣ፣ ከሰርቨር ይምጣ ተጽፎ ይታያል። አፕሊኬሽን በሚለው ክፍል ደግሞ ጎተራዎቹን አንድ በአንድ ከፍቶ ማየት ይቻላል። ይህን ሳያዩ «ካሹን አጥፋው» ብሎ መምከር ልማድ ሆኗል። ምክሩ አንዳንዴ ይሠራል፤ ነገር ግን ተማሪው ሞልቶ ያልላከውን ፎርም አብሮ ሊያጠፋበት ስለሚችል እኛ አንወደውም።

ገጹ አሮጌ ሆኖ የሚቀርበት አንዱ ምክንያት የበረኛው ጠባይ ነው። አዲስ በረኛ ሲመጣ አሮጌው ወዲያው አይለቅም። የዚያ ገጽ መስኮቶች ሁሉ እስኪዘጉ ድረስ አዲሱ ደጅ ይጠናል። ገጹን ደጋግሞ ማደስ አይበቃም፤ መዝጋት ያስፈልጋል። ስልክ ላይ ገጽ የሚዘጋ ሰው ደግሞ ስንት ነው? «አትጠብቅ፣ ግባ» የሚል ትእዛዝ አለ፤ ሆኖም አዲሱ በረኛ አሮጌው ገጽ ተከፍቶ ሳለ ሲገባ፣ ግማሹ አሮጌ ግማሹ አዲስ የሆነ ነገር ይወጣና ቁልፍ ተነክቶ የማይሠራ ይሆናል። ለተጠቃሚው «አዲስ ቅጂ መጥቷል፤ ለመክፈት ይጫኑ» የሚል መስመር ማሳየቱ ይሻላል። በተጨማሪም ብራውዘሩ የበረኛውን ፋይል ከቀድሞው ጋር አነጻጽሮ የአንዲት ፊደል ልዩነት እንኳ ካላገኘ አዲስ የለም ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ገጹን ለውጦ በረኛውን እንዳለ መተው ምንም አለመለወጥ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የረቀቀ ሌላ አለ። አዲሱ በረኛ ጎተራውን ሲሞላ ፋይሎቹን የሚጠይቀው በብራውዘሩ በኩል ነው፤ ብራውዘሩም በራሱ ጎተራ ያለውን አሮጌ ፋይል ሊሰጠው ይችላል። ያን ጊዜ አዲስ ስም ባለው ጎተራ ውስጥ የከረመ እህል ይገባል። መድኃኒቱ ፋይሉ በተለወጠ ቁጥር ስሙን መለወጥ፣ ወይም በመሙያው ጊዜ ከሰርቨር ብቻ እንዲመጣ ማዘዝ ነው።

ወደ ዲማ የሚቀርበው ምክንያት ግን በመጻሕፍቱ ብዙ የማይነሣው ነው፤ እርሱም የስልኩ ቀን ነው። ሰርቪስ ወርከር የሚሠራው በኤችቲቲፒኤስ ብቻ ሲሆን፣ ይህም የሰርቨሩን የምስክር ወረቀት መጀመሪያና መጨረሻ ቀን ከስልኩ ቀን ጋር ያመሳክራል። አንድ ሰው ባትሪው አልቆ ቀኑ የጠፋበትን ስልክ በእኛ አቆጣጠር ቢሞላው፣ ስልኩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው። ለእርሱ የሰርቨሩ ወረቀት ገና አልተጻፈም፤ ስለዚህ ግንኙነቱን ይከለክላል። ገጹ ጎተራ የሌለው ቢሆን ኖሮ ብራውዘሩ ስሕተቱን ይናገር ነበር። በረኛ ካለ ግን ሰርቨሩን ሲያጣ ዝም ብሎ አሮጌውን ያቀርባል። የኔትወርኩ ምልክት ሙሉ ነው፤ ጥቅሉም አለ፤ ገጹ ግን አይታደስም። ሰዓቱን በእኛ ቆጠራ መሙላትም ስድስት ሰዓት ያዛባልና የቅጂውን ዕድሜ በስልኩ ሰዓት የሚቆጥር ፕሮግራም ያስታል። ስለዚህ የዲማ ሰው ገጹ አልታደስ ሲለው፣ ከሁሉ በፊት ቀኑን ከኔትወርኩ እንዲወስድ አድርጎ ይሞክር።

የምልክቱን ነገር ካነሣን፣ ብራውዘሩ ራሱ «ኔትወርክ አለ» ሲል ስልኩ ከአንድ ማማ ወይም ከአንድ ዋይፋይ ጋር መገናኘቱን መናገሩ ነው እንጂ ከማማው ወዲያ መንገድ መኖሩን አያውቅም። በዚህ ቃል ታምኖ የተሠራ ገጽ ነጭ ሆኖ ይቆማል። በረኛው ሰርቨሩን ጥቂት ሴኮንድ ጠብቆ መልስ ካላገኘ ወደ ጎተራው ቢዞር፣ «ይህ የማክሰኞ ጧት ቅጂ ነው» ብሎም በግልጽ ቢጽፍ፣ ያ ልጅ ባልተታለለ ነበር። ይህችን አንዲት መስመር የማይጽፉ ሠሪዎች መብዛታቸው ይገርመናል።

ጭራሽ ያልተቀመጠስ? ጎተራው የሚሞላበት የተለመደው ትእዛዝ ሁሉንም ወይም ምንም ነው። ከአርባ ፋይል አንዱ ከታጣ፣ ወይም በመካከል ኔትወርኩ ከተበጠሰ፣ ሠላሳ ዘጠኙም አይገቡም። አዲስ አበባ ላይ በሁለት ሴኮንድ የሚያልቀው መሙያ ደካማ ኔትወርክ ባለበት ሊፈጸም ስለማይችል፣ መጀመሪያ ግድ የሆኑትን ጥቂት ፋይሎች ብቻ አስገብቶ የቀሩትን ቀስ በቀስ መጨመር ነው። የተቀመጠውም ቢሆን ለዘላለም አይደለም። ስልኩ ቦታ ሲጠበው ብራውዘሩ ሳይጠይቅ ያጸዳል። ሳፋሪማ ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ፣ ተጠቃሚው ብራውዘሩን እየተጠቀመ ሰባት ቀን ያልነካውን ገጽ ጎተራ ይደመስሳል፤ ገጹ በስልኩ መነሻ ላይ ከተተከለ ግን ይተወዋል። የዜማ ቅጂ በድምፅ ማስቀመጥ የሚፈልጉ ጓደኞች ደግሞ አንድ ነገር ይወቁ፦ የድምፅ ማጫወቻው ፋይሉን በቁራጭ ይጠይቃል፤ ጎተራው ግን ቁራጭ መልስ አይቀበልም። ሙሉውን ፋይል በአንድ ጊዜ አስመጥቶ ማስገባት ያስፈልጋል።

ዜማን ካነሣን አይቀር፣ ምን ይቀመጥ ምን አይቀመጥ ለሚለው ጥያቄ ከዲማ የተሻለ አስተማሪ አላገኘንም። ዜማ እንደ ወረደ በቃል ተይዞ ለዘመናት ይኖራል፤ ቅኔ ግን ለዕለቱ ይቆጠራል፤ የትናንቱን ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው። የመማሪያ ጽሑፍ፣ ሥዕልና የገጹ መልክ እንደ ዜማው ከጎተራ ይምጡ። ምደባ፣ ውጤትና የእህል ዋጋ ግን እንደ ቅኔው ናቸው፤ መጀመሪያ ሰርቨሩ ይጠየቅ፤ ከጎተራ መውጣታቸው ግድ ሲሆን ቀናቸው ይጻፍባቸው።

የምዝገባ ፎርም ከሁለቱም ይለያል። የሚላከውን ነገር ያ ጎተራ አይይዘውም፤ በኢንዴክስድ ዲቢ ተቀምጦ ኔትወርክ ሲመጣ መላክ አለበት። ከበስተጀርባ ራሱ የሚልከው ዘዴ በክሮምና በወገኖቹ አለ፤ በሳፋሪና በፋየርፎክስ የለም፤ ስለዚህ ገጹ በተከፈተ ቁጥር ይሞክር። ለእያንዳንዱ ፎርም የራሱ መለያ ቁጥር ካልተሰጠውም መልሱ መንገድ ላይ በጠፋ ጊዜ አንዱ ተማሪ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። «አልተላከም» የሚለውም ቃል በትልቁ ይታይ።

አሁን ስልካችሁን አውጡና በኔትወርክ የተለመደ ገጻችሁን ክፈቱ። ቀጥሎ የአውሮፕላኑን ምልክት ነክታችሁ ገጹን ዘግታችሁ እንደ ገና ክፈቱት፤ ምን እንዳሳያችሁና የመቼ መሆኑን መናገሩን ጻፉ። ዲማና ቢቸና ቤተሰብ ያላችሁ ከዚያም አስሞክሩ። ወረቀቶቹን ከማኅበሩ ጸሐፊ ዘንድ እንሰበስባለን።